የተጨማደደው የውስጥ ጎማ

አቦ ማሂሬ! ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ቆመህ ከሆነ ትወድቃለህ። ጓደኛህ አልአሚን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ!

ትናንት እዚህ በሰው አገር፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለው ጎሚስታ ቤቴ ጀንነት እያለቀሰች መጣች፤ የባለሱቁ ጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ነርሲንግ ተማሪ። ሴል ውስጥ ጉልበት የሚያመርተው ሚቶኮንድሪያ ቅርፁን እንዴት እንደሚያገኝ ዛሬ ሠርታ ካላሳየች ትወድቃለች። በፊኛ የሠራችው ፈንድቶባታል። እሷን እያየሁ ቀልቤ ጠፍቶ የመኪና የውስጥ ጎማ የቦዳቦዳ፣ የታክሲ ሞተር ሳይክል፣ ጎማ ውስጥ ከትቼ፣ ጎኑን ሳልዘጋ ነፋሁት! በክፍቱ ጎን እያየነው ተጨማደደ፣ ተጣጠፈ። ጎማውን ሊያስጠግን የመጣው ባለ ቦዳው «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ?» ይለኛል። እሷ ግን «ይሄው! የውስጡ ቆዳ ከውጩ ስለሚበልጥ ይታጠፋል፤ ጉልበቱ የሚመረተው እጥፋቱ ላይ ነው!» ብላ ጎማውን ይዛ በረረች።

እዛ እኛ ሰፈር ብሆን የድሮው ጎሚስታ አለቃዬ ጋሽ ሐጎስ በጎማ መፍቻው አናቴን ይለኝ ነበር። እዚህ ግን አሁን ደወለችልኝ፦ አልፋለች! አስተማሪው «ማን ሠራው?» ሲላት ስሜን ጠርታ፣ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ከአምስተኛ ክፍል የተባረርኩት እኔ!

ፖስት ካርዱ ሞላ። እማዬን ሳምልኝ፣ ዓሊማንም ሰላም በልልኝ። ባለ ቦዳው ደጄ ቆሞ «ጎማዬስ?» እያለ ነው። «ደስ ይበልህ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» አልኩት።