«ደርሶናል» ብሎ ለሚረሳው የጀልባ ጥሪ ማሽን

ለተከበሩ የደሴቶች የጀልባ ጥሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቢሮዎ ማቀዝቀዣ መልካም ጤንነት እመኛለሁ። እኔ የናቱቫ መንደር ዓሣ አጥማጁ ሴካያ ናይቫሉ፣ ዘንድሮ ከማታው መሠረተ ትምህርት በአንደኝነት የወጣሁ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ ያለማንም እርዳታ መጻፌን በትሕትና አሳውቃለሁ።

1. ጥሪዎቻችንን ወረፋ የሚያስይዝ ኮምፒውተር ስለተከላችሁልን እናመሰግናለን። ባለሙያችሁ የታሮ ሥር ቅቅላችንን እየበላ እንዳስረዳን፣ የወደቡ ማሽን ጥሪውን ሲያነሳ «ደርሶናል» ብሎ ይመልስና ወዲያው ከወረፋው ይሰርዘዋል፤ ካፒቴኑ ይስማ አይስማ የእሱ ጉዳይ አይደለም። እኛ ያልሠለጠንነው ግን፣ ከማዶ ደሴት የዛጎል መለከት ሲነፋ መልሰን የምንነፋው ጀልባችን ውኃ ከነካ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚነፋ ሰው ውሸታም ይባላል።

2. ልጄን ሜሬዮኒን ምጥ ሲይዛት ጠራናችሁ። «ደርሶናል» የሚለውን መልስ ዳርቻው ላይ ለተሰበሰበው ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔው ነኝ። የጀልባውን ሞተር አስነስቶ የነበረው ጎረቤቴ ቪሊሞኒም አጠፋና፣ «በል እንግዲህ ሴካያ፣ እኔ ከመንግሥት ጀልባ ጋር እሽቅድምድም አልገባም» አለኝ። ለካስ ወደቡ መብራት ጠፍቶበት፣ ማሽኑ ጥሪያችንን እንደያዘ ሞቷል፤ ሲነሳም ወረፋው ባዶ ስለነበር የሚያስታውሰው አላገኘም። ሲመሽ ቪሊሞኒ ራሱ ወሰዳት። ሜሬዮኒ ተርፋለች። ባሕር ላይ የተወለደው ልጅ ግን አላለቀሰም።

3. ማሽኑ ከተነሳ በኋላ በጭንቀት ደጋግመን የላክነውን እያንዳንዱን ጥሪ እንደ ሌላ ወላድ ቆጥራችሁ፣ በማግስቱ ሦስት ጀልባ ስለላካችሁልን ቸርነታችሁ አይረሳም። ካፒቴኖቹ «የቀሩት ወላዶች የት አሉ?» ሲሉ ባለቤቴ፣ «ወንድሞቼ፣ ትናንት አንዳችሁ ብትመጡ ይበቃን ነበር» ብላ ሻይ አፈላችላቸው።

አሁን የሜሬዮኒ ታናሽ እህት የኡናይሲ መውለጃ ወር ገብቷል። ስለዚህ ጥሪያችን ጀልባው ሳይነሳ ከወረፋው እንዳይሰረዝ፣ አንዱ ማሽን ሲሞት ሌላው እንዲያነሳው፣ የአንዲት ሴት ጥሪም መቶ ጊዜ ቢላክ አንድ ሆኖ እንዲቆጠር አጥብቄ እለምናለሁ።

ከወንበርዎ ሳይነሱ ባሕሩን ሁሉ ለሚያስተዳድሩት ለክቡርነትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣
ሴካያ ናይቫሉ

ማሳሰቢያ፦ ለዚህ ደብዳቤ «ደርሶናል» የሚል መልስ እንዳይልኩልኝ። ቪሊሞኒ ከእንግዲህ ሞተሩን የሚያጠፋው ጀልባችሁን በዓይኑ ሲያይ ነው። እኔም ጮክ ብዬ አላነብለትም።