ካፒቴኑና ልጅሽ ያልተስማሙበት ሒሳብ

እትዬ፣ ታላቄ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን ተቀበለው ወይስ አሁንም ይለግማል? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽስ አሁንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሲያምስ ይውላል? እኔ ጥርሴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ጡረታው ተስማምቶኛል። ልጅሽም ደኅና ናት፤ ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው።

ባለፈው በስልክ፣ ልጄ ከካፒቴኑ ጋር ተጣልታ ቢሮ ተጠርታለች አሉ፣ የካፒቴንነት ሥልጠናውም ቀረባት እያልሽ ስታለቅሺ መስመሩ ተቋረጠ። ወሬ መንገድ ላይ ይወፍራል። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነገርን ከሥሩ ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስለዚህ ታገሺኝ።

አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት አብራሪዎቹ የሚሠሩት ሒሳብ አለ። ጭነቱ ስንት ነው፣ ነፋሱ ከየት ነው፣ መንደርደሪያው ምን ያህል ይረዝማል፣ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ፤ ይህን ሁሉ ታብሌታቸው ላይ ይሞላሉ። እሱም በምን ፍጥነት እንደሚነሡ፣ እክል ቢገጥማቸው ደግሞ እስከ የትኛው ፍጥነት ድረስ ፍሬን ይዘው መቆም እንደሚችሉ ይነግራቸዋል። ታብሌቱ ግን የሰጡትን እንጂ የዘነጉትን አያውቅም። ስለዚህ ደንቡ ሁለቱም ለየብቻ ሠርተው ያመሳክሩ ይላል። እኔም ሳስተምር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት መልስ ሲያመጡልኝ ቶሎ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ነገሩ ያው ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ዝናብ ነበር። የመንደርደሪያውም አንደኛው ጫፍ ለጥገና መዘጋቱ ቀደም ብሎ ተነግሯቸዋል። ካፒቴኑ፣ በድምፁ የተነሣ ሠራተኛው ሁሉ «ነጎድጓድ» የሚለው ሰውዬ፣ ሒሳቡን ቀድሞ ጨረሰና ቁጥሮቹን አነበበላት። ረዳት አብራሪዋ ልጅሽ ከራሷ ጋር ብታስተያየው አልገጠመም። «ተሳስተሽ ነው፤ የእኔን ገልብጪና እንሂድ፣ ረፍዷል» አላት። «ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳይገጥም አልነሣም» አለችው። «እኔ መብረር ስጀምር አንቺ ገና ድክ ድክ ትዪ ነበር!» ቢላት፣ «ልክ ነዎት፤ ዛሬ ግን የምንነሣው አብረን ነው» አለች። ለሥልጠናው ድጋፍ የሚጽፍላት እሱ መሆኑን ታውቃለች።

በዚህ መሀል አስተናጋጇ ብቅ ብላ ተሳፋሪው እያጉረመረመ ነው አለች። ነጎድጓድ ዞር ብሎ፣ «ያጉረምርም! ማጉረምረም መሬት ላይ ነው የሚያምረው» አላትና በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ሁለቱም ከሀ ሁ ጀምረው ሠሩት። ለካ እሱ የተዘጋውን ጫፍ ሳይቀንስ ሙሉውን ርዝመት አስገብቷል። ልጄ አሸነፈች ብለሽ ግን እልል እንዳትዪ። እሷም ጫፉን በትክክል ቀንሳ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበው መንደርደሪያውን «ደረቅ» ብላ ሞልታዋለች! ተያይተን ሳቅን አለችኝ። እኔ ግን ስሰማ አልሳቅሁም፤ በእሱ ቁጥር ቢሄዱ መንደርደሪያው ሊያልቅባቸው፣ በእሷ ቢሄዱ ደግሞ መቆም ቢያስፈልግ ፍሬኑ ላይደርስላቸው ይችል ነበር። አንዳቸው የሌላውን ገልብጠው ቢሆን ኖሮ ማንም ባላወቀው ነበር።

ቢሮ የተጠሩትም ካፒቴኑ ራሱ የሁለቱንም ስሕተት ስላመለከተ ነው እንጂ ጠብ የለም። አለቆቹ ሲጠይቁት፣ «እሺ ብላኝ ቢሆን ምናልባት ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ ነበር። ሥልጠናውን ለእሷ ካልሰጣችሁ ለማን ልትሰጡ ነው?» አላቸው። ሁለቱንም መክረው ለቀቋቸው፤ ልጅሽም ከነገ ወዲያ ሰኞ ሥልጠናዋን ትጀምራለች። በይ እንባሽን ጥረጊ!

ትናንት ደግሞ አብረው በረሩ። ሒሳቡ ላይ ሲደርሱ ነጎድጓድ ታብሌቱን በክንዱ ከልሎ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «እንዳትኮርጂኝ!» አላት።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠልጥል። ትልቁን ልጅሽን ከነሚስቱ፣ መንትዮቹን አንድ በአንድ ሳታምታቺ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋን ደግሞ፣ ወሬውን ያደረሰችሽ እሷ ናትና፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢላት።

አክባሪሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከልጅሽ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ኅዳር 6 ቀን