አባባን ለማንሳት

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ልጆቹ ደህና ናቸው? ባልሽስ ያ ጨጓራው ተሻለው? እኔና አባባ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስል ከንፈርሽን እንደምትነክሺ አውቃለሁ፤ ባለፈውም እንዲሁ ብዬሽ በማግሥቱ ነው ተያይዘን የወደቅነው። የዛሬው ደህና ግን ሌላ ነው፤ አንብበሽ ፍረጂ።

በወሩ መጨረሻ መጥተሽ አባባን እናንተ ሰፈር ወዳለው መጦሪያ ልትወስጃቸው መቁረጥሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አልተቀየምኩሽም። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን አባቱን ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገር ያቃተው ልጅ ምን አፍ አለው? ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ሆዴ መሪውን ሊነካ ደርሶ ነበር። ደረጃ ስወጣ የምተነፍሰውን ሰምተሽ «ይሄ ሞተር ነክሶ ሊቆም ነው» ያልሽኝስ አንቺ አይደለሽ?

ከወደቅን በኋላ የታመመ ሰውነት የምታሠራ ፊዚዮቴራፒስት ከሆስፒታል ቤት ድረስ መጣች። በሽተኛው እኔ የሆንኩ ይመስል ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ መጀመሪያ መጠንከር ያለብህ አንተ ነህ አለችኝ። ጂም የምገባበት ገንዘብም ጊዜም የለኝም አልኳት። ወንበር የለህም ወይ አለችኝ። አለኝ። በል ሳትደገፍ ተነስ፣ ተቀመጥ፣ ተነስ። ደረጃስ? ውሃ የምትቀዳበት ጀሪካንስ? ለካ ቤታችን ሙሉ ጂም ኖሯል፤ እኔ ነኝ ዕቃ እያልኩ የምሰናከልበት።

አባባን ሳነሳ ልይህ ብላ ስታይ ደግሞ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከባድ ነገር ሲመጣብኝ ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወደ ፊት ይዘረጋል። ፍሬን ፍለጋ! አንድ እግሩን አየር ላይ የሰደደ ሰው ደግሞ ሸክም ይዞ አይቆምም። ያን ቀን የጣለንም ይኸው ነው። የሾፌር እግር በምክር አይመለስም፤ ስለዚህ አባባ ላነሳቸው በጎነበስኩ ቁጥር በዚያ በተጣመመ አፋቸው «ፍሬን የለም!» ማለት ጀመሩ። ከታመሙ ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ወዲያ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ። ትኬት ቆራጯ፣ ምን አጥፍተህ ነው በዚህ ዕድሜህ የምትቀጣው ትለኛለች። ጠዋት አባባ ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ አጠገባቸው ሆኜ ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ ግድግዳም እገፋለሁ፤ እሳቸውም ግድግዳው ምን በደለህ ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ጭኔ ከማመሙ የተነሳ ለመቀመጥ እንኳ ሽማግሌ ላክልኝ ነበር ያለኝ። በኋላ ግን የደንብ ልብሴ ሱሪ ያለ ቀበቶ አልቆም አለ።

አንድ ጠዋት አባባን አቅፌ «በሉ እንነሳ» ስል ብድግ አሉልኝ። እንዲሁ፣ ያለ ምንም ትግል! ደረቴን ነፍቼ ሥራ ገባሁና መካኒኩ ላይ ጉራዬን ነዛሁበት። ይህ መካኒካችን ነፋስ የሚወስደው ቀጭን ሰው ነው። እስቲ እኔን አንሳኝ ብሎ እንደ በሽተኛ እጅና እግሩን ጥሎ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አቅፌ ብታገል፣ ብታገል፣ ንቅንቅ አልል አለ! ቀኝ እግሬም ፍሬኑን ፍለጋ ሄደ። ትኬት ቆራጯ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣልኝም። ይህን አጥንት ማንሳት ካቃተኝ፣ የእሱን እጥፍ የሚያህሉትን አባቴን ጠዋት በምን ጉልበቴ አነሳኋቸው?

በማግሥቱ ሳነሳቸው ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩ። እታለም፣ ያቺ ሞተች የተባለችው ግራ እግራቸው ወለሉን ረግጣለች! ጣቶቿ ደም እስኪሸሻቸው ነጥተዋል፤ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ እያነሳኋቸው አልነበረም፤ አብረን ነበር የምንነሳው።

አባባ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ወንበሩ ላይ ካረፉ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ያወጡት። እኔ ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብድግ ስል እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው በልባቸው አብረውኝ ይነሱና ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ትንሿ ጣታቸው ስትነቃነቅ አዩ። ከዚያማ እኔ ሥራ ስወጣ የአልጋውን ጫፍ በእግራቸው ሲገፉ ይውላሉ። ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ ባይሆንልኝ ሁለት ሰው ከሚያዝን አንድ ሰው ቢያዝን ይሻላል ብዬ ነው አሉ። ቆይተውም፣ ልጅ ለአባቱ ሲለፋ ተኝቶ ማየት ከበሽታው ይብሳል አሉኝ።

እኔ የማውቀው ሞተር ዕቃው ከሞተ ካልተቀየረለት አይነሳም። ይህ ሥጋችን ግን ምን ዓይነት ተአምር ነው? ሌላው ሲሠራ እያየ፣ እየተመኘ፣ ከሞተበት ይነሳል? ያን ቀን ስነዳ ሲሳፈሩና ሲወርዱ የማያቸው እግሮች ሁሉ ገረሙኝ። ደረጃዋን ሳያስቡት ይወጧታል፤ አንዱም ተመስገን አይል!

የመጦሪያውን ነገር ለራስሽ ዓይን ትቼዋለሁ። እውነቱን ካወጣሁት ግን እዚሁ ይቅሩ የምለው እሳቸው እኔን ስለሚፈልጉ ብቻ አይደለም። ከሥራ ስመለስ «መጣህ?» የሚለኝ ሰው ባይኖር ይህ ቤት ወና ይሆንብኛል። ለመንኩሽ እህቴ፣ ሳታዪ አትወስኚ።

የቀረውን እንዳልነግርሽ አባባ አስምለውኛልና አልነግርሽም። ብቻ ስትመጪ የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳሽ አታውጪ። አንኳኪና ቁሚ። እኔ ቤት ብሆንም አልመጣልሽም። ቶሎ አልተከፈተም ብለሽም እንዳትናደጂ፤ የሚከፍትልሽ ሰው እየመጣ ነው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የወለድሽውን ይባርክልሽ ብለዋል አባባ፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

ናፋቂሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ