ያልቀመስኩት የጄምስ እራት

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሲልቨር ስፕሪንግ

አማቼ ጄምስ እናቱን እንግሊዝ ቀብሮ ከተመለሰ ሳምንቱ ነው፤ ምግብ በቅጡ አይበላም። ልጄን ሜሮንን «ባልሽ እናቱ ቤት ምን ይወድ ነበር?» ብዬ ብጠይቃት፣ በእንቁላል፣ በዱቄትና በወተት ሊጥ ውስጥ ኦቨን ገብቶ የሚጋገር ሶሴጅ ነው አለችኝ። ዛሬ ሁለቱም ሥራ ሳሉ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ሠራሁት። የጋለው ዘይት ላይ ሊጡን ሳፈስበት ተንጫጫ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ትራስ ተነፋ። ደስ አለኝ።

ጾም ስለሆነ አልቀመስኩትም። ጨዉን እንደ ሁልጊዜው አሽትቼ ልገምት አልኩ። ግን ይህን ምግብ አፍንጫዬ የት ያውቀዋል? ጨው መጨመሬን ተጠራጠርኩና ደገምኩ።

እራት ላይ ሜሮን አንዴ ቀምሳ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ማሚ፣ ጨው በዝቷል! ቀምሰሽዋል?»

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

ጄምስ ቀና ሳይል ሁለት ቁራጭ ጨረሰ። አራት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። «ልክ እንደ እናቴ ነው» አለኝ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

እውነቱን ይሁን ለእኔ አዝኖ አላወቅሁም። ነገ ቀምሼ ልፍረድ ብዬ የተረፈችውን አንዲት ቁራጭ ፍሪጅ ውስጥ ሸሸግኳት።

ሳህን አጥቤ ስጨርስ ፍሪጁን ብከፍተው የለችም። ጄምስ ሶፋው ላይ አፉን እየጠረገ አምስተኛውን ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል።