ሦስት ቀን ለአባት

ለምወድሽ፣ እንደ እህትም እንደ እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮ አዘነልሽ ወይስ እንዳመሉ ነው? አባባስ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? ልጆቹ አደጉ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን አምስት ወሩን ጨርሷል፤ እናቱም ቆማ ትሄዳለች። ደህና ማለት ይህ ከሆነ ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ስምንት ዓመት የሠራህበትን ሥራ ጥለህ ቤት ቁጭ ብለህ ሽንት ጨርቅ ታጥባለህ ሲሉ ሰማን፤ አባባ አንገታቸውን ደፉ» ብለሽ ጽፈሻል። ከሌላ ሰው ቢመጣ ስቄ አልፈው ነበር። ካንቺ ሲሆን ግን መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ወሬ በሰው አፍ ሲዞር እየወፈረ ይሄዳልና ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ለአባባም አንብቢላቸው፤ እየዘለልሽ ግን አይደለም።

እኔና ባለቤቴ አንድ ጫማ ፋብሪካ እንሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔ ቆዳ ቆራጭ ነበርኩ፤ እሷ ስፌት ላይ ነበረች። በስድስተኛ ወሯ የደም ግፊቷ ከፍ አለና ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሳ አዘዛት። ወረቀቱን ይዤ አስተዳደር ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊውን ሠራተኛው «አንቀጽ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ደህና ዋልክ ብትዪው እንኳ አንቀጽ ጠቅሶ ነው የሚመልስልሽ። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ በሕመም ፈቃድ አይያዝም፤ እርግዝና ሕመም አይደለም» አለኝ። ታዲያ በምን ይያዛል ብዬ ስጠይቀው «ከወሊድ ፈቃዷ ይቀነሳል» አለ። እንዲህ ሆኖ ልጁ ገና ሳይወለድ የሚታቀፍበት ጊዜ ግማሹ ተበላ።

ልጁ ከቀኑ ቀድሞ ዓርብ ከሰዓት በቀዶ ጥገና ተወለደ። ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም ነበር። ወዲያው ማሞቂያ ክፍል አስገቡት። በኛ ፋብሪካ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ ልጄን በመስታወት እያሻገርኩ እያየሁ፣ ሁለቱን ቀን ጨረስኩ። እግሩ የኔን አውራ ጣት አያህልም። ቅዳሜ ቢሮ ሳይዘጋ አንቀጽ ዘንድ ደውዬ፣ እናቱ ገና አልተነሳችም፣ ልጁም አልወጣም፣ እባክህ ቀኖቹ ቤት ስንገባ ይቆጠሩልኝ ብዬ ለመንኩት። «የአባት ፈቃድ የሚቆጠረው ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነው። ለመሆኑ የወለድከው አንተ ነህ እንዴ?» አለኝና ሳቀ። ከኋላው ሌሎች ሲስቁም ሰማሁ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፤ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ቢላዬን ይዤ ቆዳ ፊት ቆምኩ።

ልጁ ከማሞቂያ የወጣው በሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነው። እናቱ ቤት ውስጥ አቅፋ የያዘችው አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ቁስሏ በወጉ ሳይሽር ማሽኗ ላይ ተመለሰች። የሕፃናት ማቆያው ስድስት ወር ያልሞላውን አይቀበልም። ልጁን ለጎረቤታችን፣ ለአንድ ጡረተኛ እናት ሰጠናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ጡጦ ሲይዙ እያየሽ በር ዘግተሽ መውጣት ምን እንደሚመስል አልነግርሽም።

ፋብሪካው ውስጥ ወተቷን የምታልብበት ጥግ አልነበረም። ሽንት ቤት ቆማ እያለበች ትደፋዋለች፤ ለዚያውም ፈረቃ መሪዋ በር ላይ ቆማ ሰዓት እየያዘችባት። አንድ ቀን ትእዛዝ ተጣድፎ ነበርና እንዳትወጣ ከለከለቻት። ወተቱ ልብሷን አልፎ በምትሰፋው ነጭ ቆዳ ላይ ተንጠባጠበ። ፈረቃ መሪዋ ቆዳውን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየችና «ጫማ ነው የምንሠራው ወይስ እርጎ?» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ምንም። አቀርቅሬ ቆዳዬን ቆረጥኩ። አባባ አንገታቸውን የሚደፉ ከሆነ ስለዚያን ቀን ይድፉ።

በማግስቱ ጡቷን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አስራ መሄድ ጀመረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወተቷ ደረቀ። ልጁ ጡጦውን እምቢ ብሎ አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ሁለት ጊዜ መዘነችው፤ መጀመሪያ ሚዛኑ የተሳሳተ መስሏት ነው። ከዚያ «በየሁለት ሰዓቱ በማንኪያ በትዕግሥት የሚመግበው አንድ ሰው ይፈልጋል። አለዚያ ታጡታላችሁ» አለችን። ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ብሎ ሥራ ይገባል?

ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ ስጡኝ ብዬ አመለከትኩ። አንቀጽ «እንዲህ ያለ ነገር ደንቡ ውስጥ የለም። ወንድ ነህ፤ እናት የለችህም? እህት የለችህም?» አለኝ። እህትማ አለችኝ፤ ግን እሷም ልጆችና የታመሙ አባት ይዛ ሩቅ አገር ነው ያለችው። የምንኖርበት ክፍል የፋብሪካው ነው፤ የተሰጠውም በባለቤቴ ስም ነው። እሷ ብትለቅ በወሩ ሜዳ ላይ ነን። ስለዚህ እኔ ለቀቅኩ። ሲሰናበቱኝ ከቆራጮቹ አንዱ «አራሱ፣ ለገንፎ መቼ ትጠራናለህ?» አለኝ። እስካሁን በር ጠባቂው ሳይቀር አራሱ እያለ ነው የሚጠራኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ ጫማውን የሚገዙት ሰዎች ለጉብኝት መጡ። አንቀጽ የክር ማከማቻዋን ክፍል አስጠርጎ ቀለም አስቀባት፤ ሁለት ወንበርና አንድ የሕፃን አልጋ አስገባና በሯ ላይ «የእናቶች ክፍል» ብሎ ለጠፈ። ባለቤቴን «ልጅሽን አምጥተሽ እዚያ ተቀመጪ» አላት። እኔው ነኝ አልብሼ እስከ በሩ ያደረስኩት። እንግዶቹ ገቡ፣ ፎቶ አነሱ። አንዷ ሴትዮ ክፍሉ ይመችሻል ወይ ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀቻት። ባለቤቴ «እኔ እንጃ፤ ያየሁት ዛሬ ነው» አለች። አስተርጓሚው ወደ አንቀጽ ዞሮ አየና «በጣም ይመቸኛል ትላለች» ብሎ ተረጎመ። በነጋታው አልጋው ወጣ፣ ክሩ ተመለሰ። አንቀጽ ግን ያለችውን ያለ አስተርጓሚ ሰምቷልና ከስፌት አንስቶ፣ ሶል የሚጣበቅበት ማስቲሽ ክፍል ወረወራት።

እታለም፣ ልጁ አሁን ወፍሯል። እጁ ላይ ሥጋው እጥፍ እጥፍ ብሏል። ባለፈው ሳምንት እያጠብኩት ሳለ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ፤ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። እናቱ ስትመጣ ነገርኳት። ባልነገርኳት ይሻል ነበር። የማስቲሹ ሽታ ከእጇ እስኪለቅ ለረጅም ጊዜ በሳሙና ፈተገች። ከዚያ አቀፈችውና እንዲስቅላት ጉንጩን ነካካችው፣ ሆዱን ኮረኮረችው። እሱ ግን ጠግቦ ነበርና እላይዋ ላይ ተኛ። ይኸው ነው፤ ሥራ ጥሎ ቤት መቀመጥ የምትሉት።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ቂም አልያዝኩም በያቸው፤ ከያዝኩም በእሳቸው አይደለም። ትልቁን ልጅሽን በትምህርትህ በርታ ብሎሃል በይው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፤ ራሷ እንዳትጽፍልሽ ጣቶቿ በማስቲሽ ተላልጠዋል። ለባለቤትሽም የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትንሿ ስትወለድ የጭነት መኪናውን እየነዳ መንገድ ላይ ነበር፤ ያያት በአሥራ ሰባተኛ ቀኗ ነው። ያን ጊዜ ለእሱ «ልጅህን ጥለህ» ብሎ ማንም ደብዳቤ አልጻፈለትም።

ወንድምሽ

ከጫማ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከሠራተኞች መኖሪያ
ኅዳር 14 ቀን