መድን ያላት ድመትና መድን የሌላት የእህቴ ልጅ

ለተከበሩ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ምሉዕ ይሁን፤ እንቅልፍዎ ግን እንደ እኔ አይሁን።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ፣ ሰፈሩ «ለካፊው» የሚለኝ ወጣት ነኝ። በሰፈራችን መድን የሌለው ሕፃን አንድም የለም የሚለውን ማስታወቂያዎን ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ የእህቴን ልጅ እንደታቀፍኩ አነበብኩት። ያንን አኃዝ ካመነጩት ሊቃውንት አንዱ ስለሆንኩ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. ቆጣሪዎ የመጡ ዕለት ፀሐዩ ከሮ ስለነበር ወደ ቤቶቻችን የሚያስወጣውን ደረጃ መውጣቱ ከበዳቸው። ስለዚህ በር ላይ እግሬን ዘርግቼ የተቀመጥኩትን እኔን ስለ ግቢው ልጆች ሁሉ ጠየቁኝ። እኔም ለጨዋታ ብዬ ሁሉም መድን አላቸው አልኳቸው፤ የልብስ ሰፊዋን ድመት ሳይቀር ከነቁልምጫ ስሟ ልጅ አድርጌ አስቆጠርኳት። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ጻፉ። ስለ እምነታቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪. ፍንጭቷ የእህቴ ልጅ ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮኻል። እናቷ ልታስመዘግባት ብትሄድ፣ ሰፈራችሁ ስለተሟላ ምዝገባው ወደ ሌላ ሰፈር ዞሯል ተብላ ተመለሰች። ማታ ማታ ልጇን ቀና አድርጋ ደግፋ፣ ይህን ውሸት ያስጻፈ ምላሱ ይቆረጥ እያለች ትራገማለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሜን እላለሁ፤ ምን ልበል?

፫. ቃሌን ላስተካክል ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ባለሙያዎ ቁጥሩ ከላይ ስለጸደቀ ስህተቱ ልጅቷ ልትሆን እንደምትችል በጨዋ ደንብ አስረዱኝ። ስዋሽ ያለ ምስክር አመናችሁኝ፤ እውነቱን ስናገር ማስረጃ አምጣ አላችሁኝ። እንዲህ ያለ ክብር ለምላሴ ሰጥቶት የሚያውቅ የለም፤ እናቴም ብትሆን።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን እኔ ቀልዴን በአፌ ብቻ ስናገር፣ እናንተ ማኅተም መታችሁበት። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ያቺን የምዝገባ መስኮት ለዚህች ልጅ ክፈቱላት።

ውሸቱ ተከብሮለት እውነቱ ደጅ የሚጠና፣
ታማኝ የመረጃ ምንጭዎ ለካፊው

ግልባጭ፦ ለልብስ ሰፊዋ ድመት፣ እንድታውቀው

ማሳሰቢያ፦ ድመቷ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ልጅቷ ግን ይህን ስጽፍም ታስላለች። የትኛዋ መድን እንደሚያስፈልጋት ራስዎ መጥተው ይለዩ፤ ደረጃው ጥላ አለው።