ሜሪም የምትሰማው ድምፅ

ይድረስ ለባለቤቴ ለኤርኪንቤክ፤ ሥራውና ብርዱ እንዴት ይዘውሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ላሟ ወልዳለች፤ ቤቱ እርጎ በእርጎ ሆኗል። ልጃችን ሜሪምም ስድስት ዓመት ሞላት። ክረምቱን ሙሉ ከማትታይ ጓደኛዋ ጋር ስትጫወት፣ "ለእሷም ዳቦ ቁረሺላት" ስትለኝ እስቅ ነበር። አሁን ግን ጆሮዋን በሁለት እጇ ትደፍናለች። ማክሰኞ ዕለት ምሳዋን ሳትነካ ቀረች።

"ምነው ልጄ?"

"እንዳትበዪ አለችኝ። ለእናትሽም እንዳትነግሪ አለችኝ።"

እናትህ "ልጅ አይደለች? ይተዋታል" ብለው ክታብ አሰሩላት፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። የጤና ጣቢያችን ሐኪም ግን ሜሪምን ረጋ ብላ ካዳመጠቻት በኋላ፣ "ይህች ጓደኛዋ የምታጫውታት ብቻ ብትሆን ግድ የለም ነበር። የምታዛትና የምታስፈራራት ከሆነ ግን በደንብ መታየት አለባት" አለችኝ። ሐሙስ ናሪን ከተማ እወስዳታለሁ።

ሐኪሟ ስለ ዘመዶቻችንም ጠየቀችኝ። ታላቅ ወንድምህን ሳማትን እንዲህ ድምፅ መስማት ሲጀምረው ስንት ዓመቱ ነበር? እናትህ ፊት ስሙን ማንሳት አቃተኝ።

እናትህ በዱዓ አልረሳህም ብለውሃል። ስትደውል ከእኔ ጋር ብዙ አትቆይ፤ ሜሪምን አውራት፤ ያንተን ድምፅ ትስማ።

ናፋቂህ ጉልዛት